ከመጋረጃው ወዲህ

ሳጂዳ ቀና ስትል ጫማዎቹ ደፉ ላይ ናቸው። ጥቁር፣ ተረከዛቸው የተበላ የወንድ ጫማ፤ ጎን ለጎን ተገጣጥመው፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙረው ተቀምጠዋል። ክፍሉን የሞሉት ለቀስተኛ ሴቶች ናቸው። የወንዶቹ ድንኳን ያለው ውጭ፣ መንገዱ ዳር ነው። በዚህ በር ገብቶ ጫማ የሚያወልቅ ወንድ ሊኖር አይገባም ነበር።

ጫማዎቹን አወቀቻቸው። እንዴት አታውቃቸው! እዚህ ደፍ ላይ ካየቻቸው ከርሟል እንጂ በሕልሟም ቢሆን አትስታቸውም።

"ኢርሻድ አለ?" አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ ከኮሪደሩ።

ጎረቤቷ ሳህሊቱ የሆጃውን ስኒ ወደ አፏ እንዳስጠጋች ቀረች። ያንኑ ሆጃ፣ የቡና ቅጠሉን በወተት፣ ስታፈላ ያረፈደችው ልጅ እንኳ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። ኢርሻድ የሳጂዳ ባል ነው። ትናንት ቀን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ጭሮ ከተማ በሙሉ ባየው ቀብር አፈር ለብሷል።

"ምን አለ ሰውየው?" አሉ የሟች እናት አዴ ኩብራ፣ ፊታቸውን ከነጠላቸው ሳያወጡ።

"አቶ ኩማ ናቸው" አለች ሳጂዳ።

ኩማ በካልሲው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ሆዱ ላይ የያዘ ሰው። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።" ይሄዳል ብለው ሁሉም ጠበቁ። "ግን... አለ ወይ?"

ወይ ጉድ! ሰው ልማድ ሆኖበት አንዴ ቢጠይቅ ይሁን። ሁለተኛውን ምን ይሉታል?

የኢርሻድ ታናሽ ወንድም መህዲ ከድንኳኑ እየሮጠ መጥቶ፣ ኩማን ክንዱን ይዞ አወጣው።

ኩማ ማን ነው ብትሉ፣ ኢርሻድ በአመክሮ ከእስር ሲፈታ እንዲቆጣጠረው የተመደበ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ምነው ክፉ በሆነ! ክፉ ሰው ይጮሃል፣ በር ይደበድባል፣ መምጣቱ ከሩቅ ይታወቃል። ኩማ ጨዋ ነው። በሰው ምንጣፍ ላይ በጫማ መቆም ነውር ነው ብሎ ደፍ ላይ ያወልቃል፤ ከዚያ ይገባል። ኮቴ የሚባል ነገር የለውም። ሳጂዳ ሽንኩርት ስትከትፍ ዞር ብትል ቆሟል። ሶላቷን ልትዘጋ፣ ለመጨረሻው ሰላምታ ፊቷን ወደ ቀኝ ስታዞር፣ ጥጉ ላይ ባርኔጣውን ይዞ፣ እስክትጨርስ በትዕግሥት እየጠበቃት ነው።

"ኢርሻድ አለ?" ይላል። ኖረም አልኖረም ክፍሎቹን ያያል። አልጋ ሥር ጎንበስ ይላል። ቁምሳጥኑን ይከፍታል። የሳጂዳ የውስጥ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ ዓይኑን ሰብሮ፣ በአክብሮት ገለጥ አድርጎ ያልፋል። "ሥራ ሆኖ ነው እህቴ" ይላል ሲወጣ። ቀን የለው፣ ሰዓት የለው።

የሚገርመው፣ ባልመጣባቸው ቀናት ይብስ ነበር። በመጣ ቀን መጥቶ ሄዷል ይባላል፤ ይተነፈሳል። ባልመጣ ቀን ግን ኮሪደሩ ላይ ያለ ያለ ይመስላቸዋል። ማንም ሳያዝዛቸው በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። ከመሳቃቸው በፊት ወደ ኮሪደሩ ማየት ለመዱ። ሳጂዳ ልብሷን የምትቀይረው ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ሥሩ ገብታ ሆነ፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ክፍሏ። አዴ ኩብራ እንኳ፣ እኚያ ድምፃቸው እስከ ጫት ተራ ይሰማ የነበሩት ሴትዮ፣ ዱዓቸውን በከንፈራቸው ብቻ ማድረግ ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ መህዲ ወደ ሴቶቹ በር መጥቶ ሳጂዳን አስጠራት። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን ይላል ሰውየው?" አለችው።

"አብዷል አቦ፣ ተይው።"

"መህዲ፣ ምን አለ?"

መህዲ ወደ ግቢው በር አየ። በሩ አጠገብ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ኢርሻድ በመጨረሻዎቹ ወራት የሚተኛው እዚያ ነበር። የሞተውም እዚያ ነው፤ መህዲ ለሱብሒ ሶላት ሊቀሰቅሰው ሄዶ ነው ደርቆ ያገኘው።

"ትናንት በደሳ ከተማ ውሎ ማምሻውን ነው አሉ የተመለሰው። መሞቱን አልሰማም። ዝናብ ነበር፣ እናንተም ሁላችሁ ውስጥ ነበራችሁ፣ ድንኳኑም ገና አልተተከለም። በመንገዱ በኩል መጥቶ ቆርቆሮውን አንኳኳ። 'ጂርታ?' አለ።" መህዲ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ዞረ። "'ጂራ' ብሎ መለሰልኝ ነው የሚለው። አለሁ አለኝ ነው የሚለው።"

"ማን?"

"ማን ይሆናል ሳጂዳ!"

"አንተ እዚያ ነበርክ?"

"እኔ ቀብር ላይ ነበርኩ፣ ከዚያ መስጊድ። ክፍሏን ጠዋት ሬሳውን ካወጣን በኋላ በራሴ እጅ፣ በውጭ በኩል፣ በሽቦ አስሬያታለሁ። ሽቦው ዛሬም እንደታሰረ ነው። አየሁት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሁን ሰውየው ምን ይላል፣ ወይ አልሞተም፣ ቤት ውስጥ ደብቃችሁታል፤ ወይ... ይልና ዝም ይላል። በዚያች ማምሻ አለ ብሎ ለአለቆቹ አሳውቋል። ቀበርን ስንለው ሬሳውን ማን አየ ይላል። እኔን ሳትጠሩ ለምን ቸኮላችሁ ይላል።"

እንግዲህ ይታያችሁ። ሙስሊም ሬሳውን አያሳድርም። ጠዋት የሞተ ቀን ይቀበራል፤ ከፈን ይቆረጣል፣ ይታጠባል፣ ይሰገድበታል፣ አለቀ። በዚያ ሩጫ ውስጥ ለአመክሮ ተቆጣጣሪ ደውሉ የሚል ሰው ከየት ይመጣል? የኢርሻድን እግር ያጠበችው ሳጂዳ ራሷ ናት። ቅዝቃዜው አሁንም መዳፏ ላይ አለ። ሆኖም መህዲ ይህን ሲነግራት፣ የገዛ እጇን አየት አደረገች፤ ማንን እንዳጠበች የተጠራጠረች ይመስል። ከዚያ በራሷ ደነገጠች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ምንጣፉ ላይ ደርሷል።

"ጂኒ ነው" አለች ሳህሊቱ አጠገቧ ለተቀመጠችው። "በአላህ፣ ጂኒ የሰው ድምፅ ይወስዳል።"

"ተይ አንቺ፣ ሐዘንተኛዋ ትሰማለች።"

"ብትሰማስ? ልጅ ያላት ሴት ናት። ያችን ክፍል ቁርኣን ያስቀሩባት።"

ሳጂዳ ሰማች። ልጇ ነጅዋ መጥታ ጎኗ ተለጠፈች። ነጅዋ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ስትተኛም ቢሆን፣ ሂጃቧን አታወልቅም።

"እማዬ" አለቻት በጆሮዋ። "ዛሬ ጠዋት እኔም ሰምቻለሁ። ሲያስል።"

"ዝም በይ።"

"ወላሂ እማዬ።"

"ዝም በይ አልኩሽ!"

ሳጂዳ ግን ከዚያ በኋላ ጆሮዋን መከልከል አቃታት። የወንዶቹ ቁርኣን ከድንኳኑ ይሰማል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ሴቶቹ ያንሾካሹካሉ፤ እሷ የምታዳምጠው ከዚያ ሁሉ ሥር ያለውን ነው። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲቃረብ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ግቢውን ሸፈነው፣ ካፊያ ጀመረ፣ ቆርቆሮው ማንሾካሾክ ጀመረ። ያኔ ሰማችው። ደረቅ፣ የታፈነ፣ ሰው እንዳይረብሽ በክንዱ የጋረደው ሳል። ለሳምንታት የሰማችው የኢርሻድ ሳል።

ተነስታ አልሄደችም። ፈርታ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። መፍራቱንስ ፈርታለች፤ ግን ከፍርሃቱ የጠነከረ ነገር ነበር የያዛት። እልህ። ባሏ ወደዚያች ክፍል ከወጣ ጀምሮ እግሯ ላይረግጣት ምላ ነበር።

ኢርሻድ የጫት አይሱዙ ነጂ ነበር። ጫት ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ ከተቆረጠ ጀምሮ ይጠወልጋል፣ ነጂው ይበራል። አንድ ማለዳ ሚኤሶ መግቢያ ላይ ማሽላ ተሸክሞ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጨ። አላቆመም። ያየው ሰው አልነበረም፤ የጠረጠረውም አልነበረም። ጫቱን አዳማ አራግፎ ሲመለስ ግን ሚኤሶ ሲደርስ መኪናውን ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አቆመና ገብቶ "እኔ ነኝ" አለ። ዘመድ ሁሉ ጉድ አለ። ማን ጠየቀህ? ምን ነካህ? ተባለ። እስር ቤት ሄዳ ስትጠይቀው ለሳጂዳ ብቻ፣ "ሰውየው ማሽላው ሲፈስበት ሊለቅም ጎንበስ ሲል አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ" አላት።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። አንድ ነገር ካለ ካለ ነው፤ ቃሉ ከአፉ ከወጣ አይመለስም።

ዓመታቱን ስንቅ በእጇ ይዛ እስር ቤት በር ላይ ተሰልፋ ጠበቀችው። በአመክሮ ሲፈታ ከከተማ አይውጣ፣ መሪ አይጨብጥ፣ ማደሪያው ቤቱ ይሁን፣ ተቆጣጣሪ ባሻው ሰዓት ይየው ተባለ። ችሎት ላይ ዳኛው ሳጂዳን "ሚስቱ አንቺ ነሽ?" አሏት። አዎ አለች። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት ሰው የለም።

ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን ጉዱ ነጅዋ ላይ ተፈጠረ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጓዳ ገብታ፣ በፓንት ብቻ ሆና፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ጸጉሯን ታጥባለች። ዓይኗ በሳሙና ተጨፍኗል። ፎጣ ፍለጋ እጇን ስትዘረጋ ፎጣውን አንድ ሰው አቀበላት። እናቷ መሰለቻት። "እሺ እማዬ" ብላ ተቀብላ፣ ዓይኗን ጠርጋ ስትከፍት፣ ኩማ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። "አይዞሽ ልጄ፣ አላየሁሽም" አላት።

የነጅዋ ጩኸት ጎረቤት ሰበሰበ። ኢርሻድ ከሳሎን ዘሎ ሲደርስ ኩማ አልጋ ሥር እያየ ነበር። ኢርሻድ ጡጫውን ጨበጠ። ሳጂዳ መቼም አትረሳውም፤ ጡጫው ሲከፈት፣ ሲጨበጥ፣ ሲከፈት አየችው። አንዲት ጥፊ ቢሰነዝር የቀረውን ዓመት ተመልሶ እንደሚጨርስ ሁሉም ያውቃል። ጡጫው ሳይሰነዘር ተከፍቶ ቀረ።

በዚያው ምሽት መኝታውን ተሸክሞ ከክፍላቸው ወጣ።

"ወዴት ነው?" አለችው።

"ወደ በሩ ክፍል። እዚያ ይሻለኛል።"

"ለማን ነው የሚሻለው?"

መኝታውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወጣ። ዓይኗን እንኳ አላየም። ቢያያት ኖሮ ይናገር ነበር፤ ይህን ያወቀችው ግን ኋላ ነው። ያኔ የገባት ሌላ ነው። ልጁን ማስከበር ያቃተው ወንድ አፍሮ ሸሸ አለች። ቀናት ሲሄዱ ደግሞ፣ እስር ቤት ልቡን ቀይሮታል፣ ሴትነቴ ሰልችቶታል አለች። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቄው እንደ ዘበኛ በር ላይ ይተኛብኛል? እሱ ከወጣ እኔ አልከተለውም! ራቱን ነጅዋ ታደርሳለች። ዝናቡ ገብቶ ሳሉ ሲጀምረው ብርድ ልብስ በነጅዋ ላከች። ሻዩንም በነጅዋ። ሐኪም ቤት ይሂድ ብላ የላከችውም በነጅዋ ነው። በእጇ ብትወስድለት ምን ነበረበት! አንድ ግቢ ነው፤ ጓሮ ለመድረስ የማይበቃ እርምጃ ነው። ይህ ነው አሁን እንደ ጉሮሮ አጥንት የተቀረቀረባት።

አንድ ነገር ግን ተሽሏት ነበር። ኩማ ወደ ውስጥ መግባት ተወ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ሰውየውም ሰለቸው መሰለኝ አለች። ዱዓዬ ደረሰልኝ ብላ አላህን አመሰገነች። ነጅዋ ግን አላመነችም፤ ሂጃቧን እንደለበሰች መተኛቷን ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን የዱዓው ሥርዓት ሲያልቅ፣ ሰው ሲበተን፣ ጫማዎቹ ደፉ ላይ ነበሩ።

ሳጂዳ ዒዳ ላይ ናት። ባል የሞተባት ሴት በእነሱ ዘንድ አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷን ትይዛለች፤ ባዕድ ወንድ ክፍሏ አይገባም። የተቀመጠችው በውስጠኛው ክፍል፣ ከነጅዋ ጋር ነው። በሯ ላይ ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ሥር የመህዲ ጫማና የኩማ ካልሲ ጎን ለጎን ይታዩአታል።

"ሳጂዳ" አለ መህዲ ከውጭ። "ሰውየው ሁሉንም ክፍል አይቷል። ይችን ብቻ ይይና ይሂድልን።"

"አይገቡም።"

"አንድ ደቂቃ ነው። ተሸፋፈኑ።"

"ሦስት ቀናችን ነው መህዲ! አፈሩ አልደረቀም!"

"ምን የሚደበቅ ነገር አለ እዚያ ውስጥ?"

"እኔ አለሁ!" ብላ ጮኸች፤ በዚያ ቤት ውስጥ የጮኸችበትን ቀን አታስታውስም። "ልጄ አለች! እኛ አንበቃም? ሌላ ምን እስኪኖር ነው የምትጠብቀው?"

አዴ ኩብራ ከሳሎን "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" አሉ።

"እህቴ፣ ልክ ነሽ" አለ ኩማ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "ግን በአመክሮ ያለ ሰው የሚኖርበት ቤት መታየት አለበት። ስገባ ኖሬያለሁ እኮ።"

"ሲገቡ የኖሩት ዝም ስላልን ነው። የተፈረደው በእሱ ላይ ነው። በእኔ ላይ የፈረደ ዳኛ ማን ነው? በልጄ ላይስ? ባሌን ሲመልሱልኝ ቤቴን እንደወሰዱብኝ ማንም አልነገረኝም። ማዘዣ ይዘው ይምጡ፣ ሴት ፖሊስ ይዘው ይምጡ፣ ያኔ እከፍታለሁ። አሁን ግን አቶ ኩማ፣ ይህን መጋረጃ ቢነኩ ከተማው እስኪሰማ እጮኻለሁ፤ ሬሳውን እንዳጠብኩ በዚሁ እጄ ፊትዎን እይዛለሁ።"

ነጅዋ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች። ለሳጂዳ አሁን በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ያ መጋረጃ ነው። ዛሬ ከተገለጠ ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኗን ገልጣ እንደምትተኛ ታውቃለች።

"መህዲ" አለ ኩማ። "እባክህ ትንሽ ራቅ በልልን። አልነካውም፣ በልጆቼ።"

የመህዲ ጫማዎች ሄዱ። ካልሲዎቹ ቀሩ። አንደኛው አውራ ጣቱ ላይ ተበስቷል። መጋረጃው በሰውየው ትንፋሽ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ይላል።

"እህቴ፣ ለማንም የማልናገረውን ልንገርሽ" አለ ኩማ። "ልጅቷ የጮኸች ቀን፣ ኢርሻድ ተከትሎኝ ወጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር። በገዛ እጁ ጫማዬን አንስቶ ሰጠኝ። 'አቶ ኩማ፣ አንድ ነገር ልለምንህ' አለኝ። 'እኔ በሩ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ልደር። አንተ በመንገዱ በኩል መጥተህ አንኳኳ፤ በማንኛውም ሰዓት፣ ቀንም ሌሊትም። ጂራ ካልኩህ ወደ ውስጥ አትለፍ። አንድ ቀን መልስ ካጣህ ያኔ ቤቱን አገላብጠህ ፈትሽ።' እኔም ልጆች አሉኝ። እሺ አልኩት። ግን ደንቡ አይፈቅድም፤ ከተሰማ ከሥራ እባረራለሁ። ለሚስትህም እንዳትናገር፣ ሴት ለሴት ታወራለች፣ አልኩት። አስማልኩት።"

ሳጂዳ ወደ መጋረጃው ጠጋ አለች።

"አንድ ቀን አልቀረም" አለ ኩማ። "እኩለ ሌሊት መጥቻለሁ። ዝናብ ላይ መጥቻለሁ። አንዴ ሳንኳኳ ይመልሳል፤ ሳይተኛ የሚጠብቀኝ ይመስል ነበር። ሳሉ ሲብስበት ወደ ውስጥ ግባ፣ ብርድ ነው አልኩት። 'እኔ ከገባሁ አንተም ትገባለህ' አለኝ። በቀብሩ ዕለት ማታ ደግሞ... እህቴ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ከነሳሉ ነው የመለሰልኝ። ከሞተ፣ የሞተ ሰው ነው ያናገረኝ። ካልሞተ እዚህ ውስጥ ነው። አንዱን ካላወቅኩ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ምን ልበል?"

ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

ሳጂዳ ስትናገር ድምፁ የእሷ አልመሰላትም፤ ዝግ ያለና የረጋ ነበር። "ሞቷል አቶ ኩማ። እኔ ነኝ ያጠብኩት። ሞቶም ግን መለሰልዎት። ለምን እንደመለሰልዎት አልገባዎትም? እንዳያልፉ ነው። መልስ ካጡ እንደሚገቡ ያውቃላ!"

ትንፋሹ ቆመ፤ መጋረጃውም ቆመ።

"እሱ ቃሉን ጠብቋል" አለች። "እርስዎ ይጠብቁ።"

ካልሲዎቹ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ነጅዋ ፊቷን በእናቷ ጎን ደብቃለች። ከዚያ አንደኛው እግር ወደ ኋላ ሄደ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ደፉ ላይ መህዲ "አዩት?" ሲል ተሰማ።

"ሞቷል" አለ ኩማ። "አረጋግጫለሁ። ከእንግዲህ ማንም አይመጣባችሁም።"

ጫማውን ሲያጠልቅ፣ ግቢውን ሲያቋርጥ፣ በመንገዱ ጠጠር ላይ ሲርቅ ኮቴው ተሰማቸው።

ሳጂዳ ተነሳች። ሴቶቹ ወዴት ነው አሏት፤ አልፋቸው ወጣች። ካፊያው ውስጥ ግቢውን አቋርጣ ቆርቆሮ ክፍሏ ጋ ደረሰች። የመህዲን ሽቦ በጣቶቿ ፈታችው። ጠንክሮ ነበር የታሰረው፤ ጥፍሯ ተሰበረ። በሩን ገፋ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባች።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ባዶ የሻይ ብርጭቆ አለ፣ ነጅዋ ያመጣችው ብርድ ልብስ አለ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ አለ። ሌላ ምንም የለም፤ ማንም የለም። ሳጂዳ ፍራሹን እያየች ቆማ ቀረች።

ከተጋቡ ጀምሮ የግድግዳው በኩል የእሷ ነበር። እሱ ጎህ ሳይቀድ መኪና ስለሚያወጣ እንዳይቀሰቅሳት በዳር በኩል ይተኛል። ታስሮ ሲፈታም በዳር በኩል ነበር የተኛው። እዚህ ፍራሹ ሰፊ ነው፤ አንድ ሰው እንደ ልቡ ተንጋሎ ይተኛበታል። ሆኖም የጎደጎደው በዳር በኩል ያለው ብቻ ነው፤ ትከሻው የት እንዳረፈ፣ ወገቡ የት እንዳረፈ ይታያል። የግድግዳው በኩል እንደተገዛ ነው፤ ሰው አልነካውም። እነዚያን ሌሊቶች ሁሉ፣ ብቻውን፣ እያሳለ፣ ለእሷ ቦታ ትቶ ነው የተኛው።

ጎንበስ ብላ ጎድጓዳውን በመዳፏ ነካችው። ሞቃት ነው። ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላው ይሆናል ብላ አሰበች፤ ፀሐይ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከጭጋጉ አልወጣችም። እጇን አላነሳችም።

"ሳጂዳ!" አለች ሳህሊቱ ከቤቱ በር። "ለቅሶ ደራሽ ከሚኤሶ መጥቷል፣ ነይ!"

"መጣሁ" አለች።

ግን አልወጣችም። ጎድጓዳውን ሳትረግጥ ተሻግራ በግድግዳው በኩል ጋደም አለች፤ ብርድ ልብሱን ጎተተችና ግማሹን ለራሷ፣ ግማሹን በዳር በኩል ዘረጋችው። ከዚያ፣ ለእሱ ቦታ እንዲበቃው ትንሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች።